ቃሬዛው በየት ይወጣል?

በሙያዬ የሰዎችን ሥራ በወረቀት ላይ ዘርዝሬ የማያስፈልገውን የማወጣ ሰው ነበርሁ። ዩኒቨርሲቲ ገብቼ የሥራ አመራር ተማርሁ፤ ከተመረቅሁ በኋላ ጡረታ እስክወጣ ድረስ በአንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት የአሠራር ጥናት ክፍል ሠራሁ። አንድ ማመልከቻ በበር ገብቶ ውሳኔ እስኪያገኝ ድረስ የሚያርፍባቸውን ጠረጴዛዎች እከተላለሁ፤ ያለ በቂ ምክንያት የሚተኛበትን ጠረጴዛ ሳገኝ ያ ጠረጴዛ ከመንገዱ እንዲነሣ ሐሳብ አቀርባለሁ። ባልደረቦቼ በሌለሁበት «መቀሱ» ይሉኝ እንደነበር አውቃለሁ። ስሙን አልጠላሁትም፤ ሥራዬን በትክክል ይገልጸው ነበር።

አሁን የምጽፈው ባለፈው ክረምት በስናን ወረዳ፣ ከጮቄ ተራራ ሥር የደረሰብኝን ነው። ነገሩ ጠዋት ተጀምሮ ከቀትር በኋላ አብቅቷል። ከዚያ ቀን ወዲህ ግን ስለ ሥራ የማስበው እንደ ቀድሞው አይደለም።

ጡረታ ወጥቼ ደብረ ማርቆስ ከገባሁ በኋላ፣ ለአካባቢው ጤና ጣቢያዎች አምቡላንስ የሚያሰማራ አንድ ድርጅት አሠራሩን ወደ ዲጂታል ለማዛወር ተነሣና እንዳግዘው ጠየቀኝ። ደመወዝ አልጠየቅሁም። የጠየቅሁት ሠራተኛውን ሁሉ እንዳነጋግርና የሥራውን ሂደት ከመነሻው እስከ መድረሻው እንድመረምር እንዲፈቀድልኝ ብቻ ነበር።

አካባቢውን ለማያውቅ አንባቢ አንድ ነገር ማስረዳት አለብኝ። ከዋናው መንገድ ርቀው ወደ ተራራው ባሉት ጎጦች መኪና አይገባም። ሰው ሲታመም ወይም ወላድ ስትጨነቅ የጎጡ ሰዎች ከቀርከሃ በተሠራ ቃሬዛ ተሸክመው መኪና ወደሚገኝበት መንገድ ያወጧታል። ለዚህ ሥራ በየጎጡ የቃሬዛ ማኅበር አለ፤ መዋጮው ትከሻ ነው። የማኅበሩ ኃላፊ «ዳኛ» ይባላል፤ ተሸካሚዎቹን የሚጠራውም፣ የሚያፈራርቀውም፣ መንገዱን የሚመርጠውም እርሱ ነው።

በቀድሞው አሠራር የጎጡ ጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ለጤና ጣቢያው ትደውላለች፤ ጤና ጣቢያው ለድርጅቱ ይደውላል፤ ኃላፊው የመኪና ስምሪት ይፈርማል፤ ሌላ ኃላፊ ነዳጅ ይፈቅዳል። ይህ ሁሉ ካለቀ በኋላ የስልክ ተረኛዋ ወይዘሮ ትርንጎ ለቃሬዛው ዳኛ ትደውላለች። የእያንዳንዱን ደረጃ ጊዜ ስለካ ከፊርማዎቹ ቀጥሎ ብዙ ጊዜ የሚበላው የእርሷ ስልክ ሆኖ ተገኘ። አጠገቧ ወንበር ስቤ ተቀመጥሁ።

«ወይዘሮ ትርንጎ፣ በዚህ ስልክ የምታስተላልፊው መልእክት ምንድን ነው?»

«አምቡላንሱ መነሣቱን እነግራቸዋለሁ።»

«እርሱን ከእንግዲህ ታብሌቱ ይነግራቸዋል። ሌላስ?»

«ሌላማ እንጠያየቃለን።»

«ምን ትጠያየቃላችሁ?»

ሳቀች። «ደኅንነት ነዋ፣ ጋሼ። ሰው ከሰው ጋር ሲገናኝ ምን ይጠያየቃል? ከብቱን፣ ልጁን፣ ዝናሙን።»

በጥናቱ ላይ «ሰላምታ» ብዬ መዘገብሁት። ፊርማዎቹን ሳወጣ እርሱንም አብሬ አወጣሁት። እርሷም አልከፋትም። በእንቅልፏ ሳይቀር ስልክ የሚጮህባት ሴት ነበረችና ወደ ካርድ ክፍል ስትዛወር መርቃኝ ሄደች። የዳኞቹ ስልክ ቁጥሮች በሙሉ በግል ስልኳ ውስጥ ነበሩ፤ አብረዋት ሄዱ። ያን ጊዜ ይህን እንደ ጉድለት የቆጠረው ሰው አልነበረም።

አዲሱ አሠራር አጭርና ጥርት ያለ ነበር። ጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ በታብሌቷ ላይ የበሽተኛዋን ሁኔታ ትሞላና ትልካለች፤ መልእክቱ በዚያው ቅጽበት ሹፌሩ ዘንድ ይደርሳል። ፕሮግራሙ ከካርታው ላይ ለጎጡ በጣም የሚቀርበውን የመኪና መንገድ ለክቶ «የመገናኛ ነጥብ» ብሎ ለሁለቱም ያሳያል። አንዳንድ ሹፌሮች ወላድ እየጠበቁ ተሳፋሪ ሲጭኑ ተደርሶባቸው ስለነበር አንድ ደንብ በእጄ ጨመርሁ፤ አምቡላንስ በሽተኛውን ሳይጭን ከመገናኛ ነጥቡ ከራቀ ታብሌቱ መጮህ ይጀምራል፤ ሹፌሩም ድምፁን መዝጋት አይችልም።

በነሐሴ አንድ ማለዳ አሠራሩን በዓይኔ ለማየት በወረዳው ከተማ ሮብ ገበያ ቆሞ በሚጠብቀው አምቡላንስ ውስጥ ተሳፈርሁ። ሹፌሩ ሙሉቀን የቡሬ ልጅ ነው፤ ቀልድ ያበዛል። አዋላጅዋ ሲስተር የሻረግ ፍኖተ ሰላም ተወልዳ ያደገች፣ የማታስፈልግ ቃል የማትናገር ሴት ናት። ሙሉቀን አዲሱን አሠራር ከሁሉም በላይ ወዶታል።

«ድሮ እኮ ጋሼ» አለኝ፣ «አንዷ ምጥ ሲይዛት እኔንም ነበር ምጥ የሚይዘኝ። አንዱ ጋ ለፊርማ፣ ሌላው ጋ ለነዳጅ። አሁን ቢያንስ እኔ ተገላግያለሁ።»

ይህን ብሎ ሳይጨርስ ታብሌቱ ድምፅ አሰማ። ሲስተር የሻረግ ጎንበስ ብላ አነበበችው። «ቀርከሃ ሜዳ። ፈንታነሽ ትባላለች። ሌሊቱን ቤቷ ወልዳለች፤ ሕፃኗ ደኅና ናት። የእንግዴ ልጁ አልወጣም። ደም እየፈሰሳት ነው።»

«አስጊ ነው?» ብዬ ጠየቅሁ።

«ሙሉቀን፣ ንዳ» አለች። መልሷ ይኸው ነበር።

ዝናሙ ሌሊቱን ሲወርድ አድሮ ገና ማቆሙ ነው። ጭጋጉ ከተራራው ላይ ወርዶ መንገዱን ሸፍኖታል፤ ከመኪናው አፍንጫ ፊት ካለው ድንጋይ ሌላ የሚታይ ነገር አልነበረም። አንድ የእንጨት ድልድይ ተሻገርን፤ ዳገቱን ወጣን፤ የመገናኛ ነጥቡ ዘንድ ደረስን። ነጥቡ ያረፈው በረጃጅም ጽድና ወይራ ተከቦ ከኮረብታው ጫፍ ላይ በተቀመጠ የሚካኤል ቤተ ክርስቲያን በር ፊት ነው። ከቀርከሃ ሜዳ የሚመጣው የእግር መንገድ በበሩ አልፎ ከመኪናው መንገድ ይገጥማል። ካርታው አልተሳሳተም፤ ከዚህ የሚያጥር መንገድ የለም።

«ይኸው ቀደምናቸው» አለ ሙሉቀን ሞተሩን እያጠፋ። «ድሮ ቢሆን እኮ እኔ ገና ለነዳጅ ፊርማ እየተለማመጥሁ ነበርሁ።»

ሰዓቴን አየሁ። በቀድሞው አሠራር በዚህ ደቂቃ ከሮብ ገበያ አንነሣም ነበር። ደስ አለኝ፤ ደስታዬን አልደብቅም።

ሲስተር የሻረግ ከኋላ ግሉኮሱን ሰቀለች፤ መርፌዎቹን በየተራቸው ደረደረች፤ ጓንት አውጥታ ጉልበቷ ላይ አስቀመጠች። ከዚያ ጠበቅን። ፕሮግራሙ ለቃሬዛው መድረሻ ያሰላው ጊዜ አለቀ። እርሱን ያህል ጊዜ እንደገና ጠበቅን። ከጭጋጉ ውስጥ የሚወጣ ሰው የለም።

«ዝናሙ መንገዱን አጨቅይቶት ይሆናል» አለ ሙሉቀን።

ወደ ድርጅቱ ደወልሁ። አዲሱ ተረኛ «ጉዞ ጀምረዋል ይላል፣ ጋሼ» አለኝ፤ «እዚህ የሚታየኝ እርሱ ብቻ ነው።» የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ስልክ ከአገልግሎት ክልል ውጭ ነበር። የቃሬዛውን ዳኛ ቁጥር ጠየቅሁት፤ የለውም። ትርንጎን እንዲፈልጋት ነገርሁት። ቀብር ሄዳ ስልኳን ዘግታዋለች።

ሲስተር የሻረግ ከመኪናው ወርዳ በበሩ ፊት ወዲያና ወዲህ ትል ጀመር። «ምን ያህል ደም እንደፈሰሳት አላውቅም» አለች ወደኔ ሳትዞር። «ይህን ያህል ቆይታ ከሆነ አሁን እየቀዘቀዘች ነው።»

«እኛ ወደ እነርሱ በእግር ብንሄድስ?»

«በየት?» አለች። ጭጋጉ የእግር መንገዱን ውጦት ነበር።

በዚህ መሐል በሩ ተከፍቶ አንዲት አሮጊት መነኩሴ መቋሚያቸውን ተመርኩዘው ወጡ። አምቡላንሱን አዩ፤ እኛን አዩ፤ ነጠላቸውን አስተካክለው ጎንበስ አሉ።

«እግዜር ያጥናችሁ፣ ልጆቼ» አሉ። «ማን ነው የሞተው?»

«ማንም አልሞተም፣ እማሆይ» አልኋቸው። «ወላድ እየጠበቅን ነው። ከቀርከሃ ሜዳ በቃሬዛ እያመጧት ነው።»

«በዚህ በር?»

«በዚህ በር።»

«ሳትሞት?»

ሙሉቀን በአነጋገራቸው ሊስቅ ቃጣው፤ ፊቴን ሲያይ ተወው። እኔ የተወለድሁት ከደብረ ወርቅ ብዙም በማይርቅ የገጠር ሰፈር ነው። ዩኒቨርሲቲ ሳለሁ ለዕረፍት አገሬ ገብቼ አጎቴ በጠና ታመመና የቃሬዛው ተራ ደርሶኝ ተሸክሜዋለሁ። መንገዱ በቤተ ክርስቲያኑ በር ሲያልፍ አጭር ነበር። እኛ ግን ኮረብታውን በሥሩ ዞረን፣ በታረሰ ማሳ ውስጥ ጭቃ እየረገጥን ሄድን። ትከሻዬ ተልጦ ነበርና በብስጭት አባቴን ምክንያቱን ጠየቅሁት። «በዚያ በር ተኝቶ የሚገባ ሰው አንድ ጊዜ ነው የሚገባው» አለኝ፤ ቃሬዛውን ወደ ሌላው ትከሻው አዛውሮ መንገዱን ቀጠለ። በእኛ ዘንድ በሕይወት ያለ ሰው በቃሬዛ ተኝቶ በቤተ ክርስቲያን በር አይታለፍም። ይህን አዲስ ነገር ብሎ የነገረኝ ሰው የለም፤ የራሴን ስም የማውቀውን ያህል የማውቀው ነገር ነው። የመገናኛ ነጥቦቹን አንድ በአንድ በካርታው ላይ ሳጸድቅ ግን አንድም ጊዜ ትዝ አላለኝም።

«እማሆይ» አልሁ፣ «በዚህ ካልመጡ በየት ይወጣሉ?»

«ወንዙ ካልሞላ በወፍጮው በኩል። ከሞላ በድልድዩ።» ወደ ሰማይ አዩ። «ሌሊቱን የጣለውን እናንተም ሰምታችኋል።»

ወፍጮው ከፊታችን ነው፤ ድልድዩ ከኋላችን፣ ስንመጣ የተሻገርነው። በአንዱ ስንጠብቅ በሌላው ቢወጡ መካከሉ ሩቅ ነው።

«ሙሉቀን፣ ድልድዩን ስናልፍ ወንዙ እንዴት ነበር?»

«ኧረ ጋሼ፣ በዚህ ጭጋግ መንገዱን ካየሁ ምን ይወጣልኛል? ወንዙን ማን ያያል።»

«እኔ አይቼዋለሁ» አለች ሲስተር የሻረግ። «ደፍርሶ ድንጋይ ያንከባልል ነበር።»

«እንግዲያው ወደ ድልድዩ።»

ሙሉቀን መሪው ላይ ተቀመጠ፤ ሞተሩን ግን አላስነሣም። «ጋሼ፣ ቅር አይበልዎትና፣ ከነጥቡ መራቅ ክልክል ነው። ደንቡን ያወጡት እርስዎ ነዎት። ነገ እኔ ደመወዜ ሲቆረጥ እርስዎ ጡረታዎን እየበሉ ማርቆስ ይቀመጣሉ።»

«እኔ እጠየቅበታለሁ። አስነሣው።»

«ሲስተር፣ ሰምተሻል» አለና መኪናውን አዞረው።

ገና ጥቂት እንደሄድን ታብሌቱ መጮህ ጀመረ። ቀጭንና የማያቋርጥ ድምፅ ነበር። ሙሉቀን በክርኑ ጠቆመኝ። «ይዝጉልን እንጂ፣ ጋሼ።»

«አይዘጋም።»

«እንዴት አይዘጋም?»

«እንዳይዘጋ ያዘዝሁት እኔ ነኝ።»

ሲስተር የሻረግ ታብሌቱን ከፊት ወንበር ላይ አንሥታ በብርድ ልብስ ጠቀለለችውና ከመቀመጫው ሥር አስገባችው። ከዚያም ሆኖ ይጮህ ነበር።

ድልድዩ ዘንድ ስንደርስ ሰው የለም። ወንዙ ያጓራል። ምናልባት ተሳስቼ ይሆናል ብዬ አሰብሁ፤ ምናልባት ዝናሙ ወደ ላይ አልበረታም፣ ምናልባት አሁን በወፍጮው ወጥተው ባዶ መንገድ እያዩ ነው። ሙሉቀን በዚያች ሰዓት አንድ ጥሩ ነገር አሰበ። ሳይረኑን ከፍቶ ለአፍታ አስጮኸውና ዘጋው፤ ሞተሩንም አጠፋ። ሦስታችንም ትንፋሻችንን ይዘን አዳመጥን። ከውኃው ድምፅ ሌላ አልተሰማም። ደገመው። በሦስተኛው ከወንዙ ማዶ፣ ከጭጋጉ ውስጥ፣ ከሩቅ «ወይ» የሚል የብዙ ሰው ድምፅ መለሰልን።

ሲስተር የሻረግ ቦርሳዋን አንጠልጥላ በድልድዩ ሮጠች፤ ሙሉቀን ተከተላት። እኔ ጉልበቴ ለዚያ ቁልቁለት አይሆንም። «እርስዎ ሳይረኑን ይንኩልን፣ አቅጣጫው እንዳይጠፋን» ብሎኝ ነበርና ጋቢናው ውስጥ ተቀምጬ ቁልፉን እየነካሁ እያስጮህሁ፣ እያጠፋሁ፣ ጆሮዬን እየጣልሁ ቆየሁ። ሰዓቴን አላየሁም። ከመቀመጫው ሥር ታብሌቱ ከነጥቡ መራቃችንን እየነገረኝ ነበር።

ከጭጋጉ መጀመሪያ የወጣው የቃሬዛው የፊት እንጨት ነው። ቀጥሎ ጭቃ እስከ ጭናቸው የደረሰ ሰዎች፤ ባሏ ከፊት ነበር። ሲስተር የሻረግ ከጎን እየተራመደች ግሉኮሱን በአንድ እጇ ከፍ አድርጋ ይዛለች። ፈንታነሽ በጋቢ ተጠቅልላለች፤ ከንፈሯ ነጥቷል፤ ዓይኗ ግን ክፍት ነበር። ወደ መኪናው ሲያስገቧት ቀና ብላ «ደረስን?» አለች።

«ደረስሽ፣ እህቴ፤ አይዞሽ» አላት ተሸካሚዎቹን ይመራ የነበረው ሽማግሌ። የማኅበሩ ዳኛ አያ ጫኔ ነበር።

የመኪናው የኋላ በር ተዘጋ። ሲስተር የሻረግ በውስጥ የሠራችውን አላየሁም፤ የሚሰማኝ ድምፅዋ ብቻ ነበር፤ «አይዞሽ»፣ «ተንፍሺ»፣ «አትተኚ፣ ስምሽን ንገሪኝ»። ፈንታነሽ ስሟን ትነግራታለች። ትንሽ ቆይታ እንደገና ትጠይቃታለች፤ እንደገና ትነግራታለች። አንድ ጊዜ ተጠይቃ ሳትመልስ ቀረች። ሙሉቀን በመስተዋቱ ወደ ኋላ አየ። ቀልዱን ሁሉ ትቶት ነበር። ከዚያ ደካማ ድምፅ «ፈንታነሽ» አለ፤ ሙሉቀንም ነዳጁን ረገጠ።

ሮብ ገበያን ሳናልፍ ሲስተር የሻረግ የጋቢናውን መስኮት አንኳኳች። «ወጥቷል» አለች። «ደሙ ቀንሷል። ቢሆንም ሆስፒታል ደም ያስፈልጋታል። እንዳትቆም።»

ደብረ ማርቆስ፣ በሆስፒታሉ ኮሪደር፣ በአግዳሚ ወንበር ላይ ከአያ ጫኔ ጋር ጎን ለጎን ተቀመጥን። ባሏ ደም ሊሰጥ ገብቶ ነበር። አያ ጫኔ የእግሩን ጭቃ በወለሉ ላይ ላለማተም ጫማውን አውልቆ በእጁ ይዞታል።

«አልደወላችሁልንም» አለ።

«እናንተ ስልክ ትጠብቁ ነበር?»

«እንዴታ። ከቤት ወዲያው ነው ያነሣናት። ኔትወርክ ያለበት ጉብታ ላይ ስንደርስ ግን ጤና ኤክስቴንሽኗ በታብሌቷ ላከች፤ እኛም አሳረፍናት። ሁልጊዜ እዚያ ላይ ነው ስልኩ የሚመጣው። ያቺ ሴትዮ ትደውላለች፣ እንጠያየቃለን፣ እንነሣለን። ቆምን፤ ቆምን፤ ዝም። ባሏ ‹ምን ታደርጋላችሁ› ብሎ እንደ እብድ ጮኸብኝ። እውነቱን ነው፤ ስልኩን ትተን አንሥተናት ወደ ድልድዩ ወረድን።»

«ጤና ኤክስቴንሽኗ የመገናኛውን ቦታ አልነገረቻችሁም?»

«ነግራናለች። ‹ሚካኤል በር› ብላ አነበበችልን። እኔም እርሷም ተያየን።» ወደኔ ዞረ። «ልጅቱ ያገራችን ልጅ ናት፤ ነውሩን ታውቃለች። የጻፈው ሰው ከሩቅ ያለ፣ ያገሩን ወግ የማያውቅ ነው፤ ሹፌሩ ሲደርስ ይገባዋል ብለን ተውነው።»

የጻፈው ሰው እኔ መሆኔን ነገርሁት። ከእግር እስከ ራሴ አየኝ።

«የየት አገር ሰው ነዎት?»

«የደብረ ወርቅ።»

«ተዉ እንጂ» አለና ጫማውን ከአንዱ እጁ ወደ ሌላው አዛወረው።

ሲስተር የሻረግ ከቀትር በኋላ ወጥታ በበሩ ላይ ቆመች። ፀጉሯ ከመሸፈኛው አፈትልኮ ነበር። «ትተርፋለች» አለች፤ ውኃ ልትጠጣ ሄደች።

ይህን የምታነቡ፣ በየመሥሪያ ቤታችሁ ወረቀቱን ወደ ኮምፒዩተር የምታዛውሩ ሰዎች፣ ከዚህ ተነሥታችሁ ዲጂታል አሠራር ጎጂ ነው እንድትሉ አልጻፍሁም። ፊርማዎቹን በመሰረዛችን አሁንም ትክክል ነበርን። በቀድሞው አሠራር ቢሆን ኖሮ ስልኩ በጊዜው አይደወልም፤ ፊርማው ሁሉ እስኪያልቅ ቃሬዛው ጉብታው ላይ ቆሞ ይጠብቅ ነበር። ታብሌቶቹ ዛሬም ይሠራሉ። ልነግራችሁ የምፈልገው ሌላ ነው።

በማግሥቱ ትርንጎን ከካርድ ክፍል አስጠርቼ ወደ ቀድሞ ጠረጴዛዋ መለስኋት። የዳኞቹን ቁጥሮች ከስልኳ አውጥተን ወደ ፕሮግራሙ አስገባን። ከዚያ አጠገቧ ተቀመጥሁ። በጥናቱ ወቅትም ተቀምጬ ነበር፤ ያን ጊዜ ግን የጥሪውን ርዝመት ለካሁ እንጂ ጥሪውን አላዳመጥሁትም። ከሰዓት በኋላ የአንድ በሽተኛ መልእክት ደረሰና ለሌላ ጎጥ ዳኛ ደወለች።

«እንዴት ዋላችሁ፣ አያ? ቤተሰቡስ? ከብቱስ? ዝናሙ እንዴት አድርጓችኋል? ወንዙስ? ኧረ! እስከዚያ ድረስ? እንግዲያው በድልድዩ ናችኋ። በሉ አይዟችሁ፤ መኪናው እየተነሣ ነው።»

ስልኩን ዘግታ በአጠገቧ ላለው ሹፌር «ድልድዩ ጋ» አለችው፤ ሄደ።

«ትርንጎ፣ አሁን መንገዱን ጠየቅሻቸው» አልኋት።

«መቼ?» አለች። «እኔ እንደሆነ ሰላም ነው ያልኋቸው።»

አልዋሸችኝም ነበር። ስጠይቃት «ደኅንነት ነው» ያለችኝ፣ ለእርሷ በእውነት ደኅንነት ስለሆነ ነው። ሰው በየቀኑ የሚሠራውን ሥራ እንዲዘረዝርላችሁ ስትጠይቁት ስም ያለውን ብቻ ይነግራችኋል። ስም የሌለው፣ በሌላ ነገር ውስጥ ተጠቅልሎ የሚሠራው ይቀራል። አንድን ደረጃ ከመሰረዛችሁ በፊት ሠራተኛው ምን እንደሚሠራ መጠየቅ አይበቃም፤ ሲሠራው አጠገቡ ተቀምጣችሁ እስከ መጨረሻው አዳምጡ። እኔ ይህን ያወቅሁት ዘግይቼ ነው፤ እናንተ እንዳትዘገዩ ነው የምጽፈው።

ፕሮግራሙን የሚሠራው ወጣት በቅጹ ላይ «የመውጫ መንገድ» የሚል ጥያቄ ጨምሮ ከሥሩ «በር፣ ወፍጮ፣ ድልድይ» ብሎ ምርጫ ሊደረድር ፈልጎ ነበር። በሩ ከምርጫው እንዲወጣ አደረግሁ። ምርጫዎቹንም ተውናቸውና በቦታቸው የዳኛው ስልክ ቁጥር ገባ፤ ሲነኩት ይደውላል። የዚያን ጥሪ ርዝመት እንዳይለካ ለድርጅቱ በጽሑፍ አሳስቤያለሁ።

የፈንታነሽ ልጅ ሰማንያ ቀኗ ሲሞላ ክርስትና ተነሣች። እኔም፣ ሙሉቀንም፣ ሲስተር የሻረግም ተጠራን። ያን ቀን ጭጋግ አልነበረም፤ የጮቄ ጫፍ ሳይቀር ይታይ ነበር። ፈንታነሽ ነጭ ለብሳ ልጇን ታቅፋ ከቀርከሃ ሜዳ በእግሯ መጣች፤ በአጭሩ መንገድ። እኛ በዚያ ጠዋት ስንጠብቃት ወደቆምንበት በር ስትደርስ ጎንበስ ብላ ተሳለመችና ገባች።

ከቅዳሴ በኋላ በዛፎቹ ጥላ ሥር ሰው ሰብሰብ ብሎ ሳለ አያ ጫኔ ከማኅበሩ ሰዎች ጋር ወደኔ መጣ።

«ጌታው፣ እርስዎ እንግዳችን ነዎት፤ ዕድሜዎም ገፍቷል» አለኝ። «እዚህ እያሉ ድንገት ቢያምዎ በየት እናውጣዎት? በበሩ አጭር ነው። ካርታዎም እርሱን ነው የሚለው።»

ሰዎቹ ሳቁ። ሙሉቀን ከሁሉም በላይ ሳቀ። እኔ በዚህ ወግ የማላምን ሰው ነኝ፤ መንገዱ በምን ያህል እንደሚያጥርም ከማንም በላይ አውቃለሁ። በሩን አየሁት። ሰፊ ነው፤ ሁለት ቃሬዛ ጎን ለጎን ያሳልፋል።

«ወንዙን አይታችሁ ነው» አልኋቸው። «ካልሞላ በወፍጮው፣ ከሞላ በድልድዩ።»

አያ ጫኔ መሳቁን አቆመ። ወደ ተሸካሚዎቹ ዞሮ «ሰማችሁ?» አላቸው፤ እነርሱም ራሳቸውን በአዎንታ ነቅንቀው ከሚሸከሟቸው ሰዎች መካከል መዘገቡኝ።